የወዳጆች ድሪቶ

በአማርኛ «ድሪቶ» የሚለው ቃል የክብር ቃል አይደለም። ልብሱ ያለቀበት ድኻ ብጣሽ በብጣሽ ላይ እየደረተ የሚለብሰው፣ ዓለምን የናቀ ባሕታዊም በፈቃዱ የሚመርጠው ልብስ ነው። ሐሳቡ ያልተያያዘ ጽሑፍ እንኳ ሲነቀፍ «ድሪቶ ነው» ይባላል። በሌላው የዓለም ክፍል ግን ይኸው ከብጣሽ ጨርቅ የሚሠራ ነገር ከሐርና ከከፋይ እየተሰፋ፣ ወዳጆች ለወዳጃቸው የሚያበረክቱት ታላቅ የመታሰቢያ ስጦታ የሆነበት ዘመን ነበር። የዚህ ስጦታ ታሪክ ሲታይ የመርፌና የክር ታሪክ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የማቴሪያልና የንግድ ታማኝነት ታሪክም ስለሆነ ለመሐንዲስ የሚነግረው ቁም ነገር አለው።

በሰሜን አሜሪካ ከብጣሽ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መሥራት የቆየ ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ዓመታት ይህ ልማድ አዲስ መልክ ያዘ። አንዲት ሙሽራ ከመንደሯ ስትወጣ፣ አንድ ቤተ ሰብ አገር ለማቅናት ወደ ምዕራብ ሲሰደድ፣ ወይም አንድ ቄስ ወደ ሌላ አጥቢያ ሲዛወር፣ የቀሩት ሴቶች ሥራውን ይከፋፈሉት ጀመር። እያንዳንዷ ከራሷ ጨርቅ አንድ አራት ማዕዘን ቁራጭ ትሠራና ስሟን ትጽፍበታለች፤ በመጨረሻም ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ ገበር ላይ ተጋጥመው ይሰፋሉ። ለዚህ ልማድ መስፋፋት የኬሚስትሪ እድገት አስተዋጽኦ እንዳደረገ ማስታወስ ይገባል። ከዚያ ቀደም ለጽሕፈት ያገለግል የነበረው ብረት ያለበት ቀለም ውሎ አድሮ ጨርቁን ይበላው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በእጥበት የማይለቅና ጨርቅ የማይጎዳ የተሻለ ቀለም በገበያ ሲገኝ ግን ስምን በጨርቅ ላይ ጽፎ ለልጅ ልጅ ማቆየት የሚቻል ሆነ።

የፊርማው ፍቅር ምን ያህል እንደ ነበረ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሮድ አይላንድ ግዛት የምትኖር አዴሊን ሐሪስ የተባለች ወጣት እ.ኤ.አ. በ1856 ትንንሽ የሐር ቁራጮችን በፖስታ ለዘመኗ ታላላቅ ሰዎች እየላከች እንዲፈርሙላት መለመን ጀመረች። ለብዙ ዓመታት በሠራችው ልብስ ላይ 360 ፊርማዎች ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል አብርሃም ሊንከንን ጨምሮ የ8 ፕሬዚዳንቶች ፊርማ አለበት። ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የተነሣው ከአንድ ታላቅ የኢንዱስትሪ ትርዒት ነው። አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበትን 100ኛ ዓመት ለማክበር እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላዴልፊያ ከተማ የተከፈተውን ትርዒት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ጎብኝቶታል። መሐንዲሶች ይህን ትርዒት የሚያስታውሱት በኮርሊስ የእንፋሎት ሞተር ነው። ቁመቱ ወደ 14 ሜትር፣ ኃይሉ 1,400 የፈረስ ጉልበት የነበረው ይህ ሞተር በማሽኖቹ አዳራሽ ውስጥ የነበሩትን መሣሪያዎች ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሥራውንም የጀመረው ፕሬዚዳንት ግራንትና የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፔድሮ በአንድነት ባስነሡት ጊዜ ነው። በዚያው ትርዒት በሌላ በኩል ግን የጃፓን ሸክላ፣ ሐርና ሥዕል፣ ከለንደን የመጣም የጥልፍ ሥራ ታይቶ ነበር። የአሜሪካ ሴቶች ከጃፓኖቹ ሥራ የተማሩት ነገር ውበት የግድ በግራና በቀኝ እኩል መሆን እንደማያስፈልገው ነው።

ከዚህም የተነሣ በ1880ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝኛ ስሙ «ያበደ ድሪቶ» እንደ ማለት የሆነው የልብስ ዓይነት አገሩን አጥለቀለቀው። አንዳንዶች ስሙን ከእብደት ይልቅ በሸክላ ልባጥ ላይ ከሚታየው የስንጥቅጥቅ መስመር ጋር ያያይዙታል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነበር። በቅድሚያ ተራ የጥጥ ጨርቅ ለመደብነት ይዘረጋል። በላዩ ላይ ሦስት ማዕዘን፣ አምስት ማዕዘን ወይም ስም የሌለው ቅርጽ ያላቸው የሐር፣ የከፋይና የሳቲን ብጣሾች ይደረደራሉ። መጋጠሚያቸው ሁሉ በልዩ ልዩ የጥልፍ ስፌት ይሸፈናል። ከዚያም ማራገቢያ፣ ጉጉት፣ አበባ፣ የሸረሪት ድር፣ የስም መነሻ ፊደልና ዓመተ ምሕረት ይጠለፍበታል። ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ጥጥ ስለማይጨመርበት ብርድ አይከላከልም፤ በእንግዳ መቀበያ ክፍል በወንበር ወይም በፒያኖ ላይ ተዘርግቶ የሚታይ ጌጥ ነበር።

ወዳጆች ተባብረው ሲሠሩት ግን ከጌጥነት ያለፈ ዋጋ ነበረው። አንዷ ከሠርግ ቀሚሷ፣ ሌላዋ ከሟች ባሏ ከረባት፣ ሦስተኛዋ በአንድ በዓል ቀን በደረት ላይ ከተሰካ ጥብጣብ ቆርጣ ታዋጣለች። ስጦታውን የምትቀበለው ሴት ጨርቁን በጣቷ እየዳሰሰች «ይህ የእገሊት ነው» ለማለት ትችል ነበር። በዚህ ዓይን ሲታይ ድሪቶው የአንድ ማኅበር መዝገብ ነው፤ ገጾቹ ጨርቅ፣ ፊደሎቹ ክር ናቸው።

መዝገቡ ግን አንድ የተሰወረ ጉድለት ነበረበት። ጥሬ ሐር ትሉ ያመነጨው ሙጫ አለበት። ይህ ሙጫ በሚፈላ የሳሙና ውሃ ሲወገድ ሐሩ ይለሰልሳል፣ ያበራልም፤ ነገር ግን ከክብደቱ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ሐር ደግሞ በሚዛን የሚሸጥ ውድ ዕቃ ነው። አምራቾቹ የጎደለውን ክብደት ለመተካት ሐሩን በብረት፣ ኋላም በቆርቆሮ ጨው መንከር ጀመሩ። ሐር እነዚህን ጨዎች አጥብቆ ይይዛቸዋል። በመጀመሪያ የጎደለውን ብቻ ለመሙላት የታሰበው ሥራ ቆየት ብሎ ከሐሩ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ጨው እስከ መጫን ደረሰ። ገዢዋ በሱቅ ውስጥ ጨርቁን ስትዳስሰው ከባድና ጥሩ አጣጣል ያለው ሆኖ ታገኘዋለች። ክብደቱን የጥራት ምልክት አድርጋ ትወስደዋለች። የከፈለችበት ግን በከፊል ቆርቆሮ ነበር።

ጨዉ በሐሩ ጭረት ውስጥ ተቀምጦ ከብርሃን፣ ከአየርና ከእርጥበት ጋር እየተባበረ ጭረቱን ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋልም። ማንም ሳይነካው ሐሩ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል። ዛሬ በቤተ መዘክሮች ከሚገኙት ከእነዚህ ድሪቶዎች በብዙዎቹ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። በዋጋ ውድ የነበረው ሐር ጠፍቶ፣ ማንም እንዲያየው ያልታሰበው የጥጥ መደብ ግን ደኅና ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜም በሐሩ ላይ ተጠልፎ የነበረው ስም ሐሩ ከረገፈ በኋላ በመደቡ ላይ ብቻውን ቀርቶ ይነበባል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በሐር ላይ የተጨመረ ማዕድናዊ ክብደት ለገዢው እንዲገለጽ የሚያዝ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ደንቡ ሲወጣ የድሪቶዎቹ ዘመን ካለፈ ቆይቶ ነበር።

ሐር በተፈጥሮው ደካማ ነው የሚል ሰው ቢኖር መልሱን ከኢትዮጵያ ታሪክ ያገኛል። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ዘመነ መንግሥት፣ ከውጭ አገር በመጣ ሐር፣ ባለቀዳዳ ትንንሽ ሰሌዳዎችን እያዞሩ ድሩን በማጠንጠን የተሠሩ ታላላቅ መጋረጃዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ተወስዶ በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሌላውም በካናዳ በሮያል ኦንታሪዮ ቤተ መዘክር አለ። በሽመናው ውስጥ የሰዎች ምስል የተቀረጸባቸው እነዚህ መጋረጃዎች ከአሜሪካው ድሪቶ በመቶ ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ሐሩን በማዕድን ጨው ማክበድ የፋብሪካ ሥራ ከመሆኑ በፊት የተሸመኑ ናቸውና እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። ልዩነቱን ያመጣው የሐሩ ዕድሜ ሳይሆን በሐሩ ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

ተራ ጨርቅ ከባድ አደራ ለመሸከም እንደሚችልም ሌላ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1942 ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ ስትወድቅ፣ በቻንጊ እስር ቤት ሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይተው ታሰሩ። ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን መኖርና መሞት ለማወቅ የማይችሉበት ጊዜ ነበር። ወይዘሮ ኤቴል ሙልቫኒ የተባሉ ካናዳዊት እስረኛ ለየሴቶቹ አንዳንድ ቁራጭ ጨርቅ እየታደለ፣ እያንዳንዷ ስሟንና ስለ ራሷ አንድ ነገር እንድትጠልፍበት ሐሳብ አቀረቡ። በዚህ መንገድ እያንዳንዳቸው 66 ቁራጭ ያለባቸው ሦስት ድሪቶዎች ተሠሩ። ለቁስለኞች መታከሚያ እንዲውሉ ለጠባቂዎቹ ቀረቡ። ከእነዚህም አንዱ ለጃፓን ቁስለኞች የተሰየመ ነበር። የውስጥ ዓላማቸው ግን በወንዶቹ በኩል ያሉት ባሎች የሚስቶቻቸውን ስም አንብበው በሕይወት መኖራቸውን እንዲያውቁ ነበር። ሁለቱ በአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ቤተ መዘክር፣ አንዱ በብሪታንያ ቀይ መስቀል እጅ ይገኛሉ።

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ የመተባበርን ኃይል መግለጻቸው ነው። ሆኖም ምሳሌው ድሩ ራሱ እውነተኛ ድር መሆኑን አስቀድሞ ያመነ ነው። የአሜሪካዎቹ ወዳጆች ተባብረዋል፣ ፍቅራቸውም ሐሰት አልነበረበትም። ከእነሱ እጅ ውጭ በሆነ ፋብሪካ በክሩ ላይ የተጫነው ሐሰተኛ ክብደት ግን ስጦታቸውን ከውስጥ በላው። ሲሚንቶ፣ ብረትና ገመድ የሚመርጥ ባለሙያም ከዚሁ ፈተና ይደርሳል። በሚዛን ላይ የሚከብደውና በዓይን የሚያምረው ሁሉ ዕድሜ ያለው አይደለም፤ ማንም የማያየው መደብ ግን ሥራውን ሁሉ ይሸከማል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ቤቶችም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አዲስ ቤት ሠርቶ የሚገባው ቤተ ሰብ ከአሮጌው ቤት ሣጥን ይዞ ይመጣል። በሣጥኑ ውስጥ አያት የፈተለችው ጋቢ፣ የእናት የጥልፍ ቀሚስ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ለጡረተኛው አዋጥተው ያለበሱት ካባ ይገኛል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው በእነዚህ ቦታዎች የፀሐይ ጨረር ብርቱ ስለሆነ፣ አሮጌ ሐርና ጥልፍ በመስኮት አጠገብ ቢሰቀል በቶሎ ይጎዳል። በአንድ እጥፋት ለዓመታት ከማስቀመጥ በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ ከብርሃን ማራቅ ይሻላል። የሚሰነጠቅ ሐርም በውሃ ሊታጠብ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ማን እንደ ሠራው፣ ማን ለማን እንደ ሰጠውና በየትኛው ዓመት እንደ ሆነ በወረቀት ተጽፎ አብሮት መቀመጥ አለበት። ጋቢ እንደ ፊላዴልፊያው ዘመን ድሪቶ ስም አይጠለፍበትም፤ የፈተለችው ሴት ስም የሚኖረው በሚያውቋት ሰዎች አፍ ብቻ ነው። ታላቁ የኮርሊስ ሞተር በአንድ የባቡር ሠረገላ ፋብሪካ እስከ 1910 እ.ኤ.አ. አገልግሎ በቁርጥራጭ ብረትነት ተሸጧል። በዚያው ዘመን የተሰፋው ድሪቶ ግን ሐሩ ቢረግፍም በስሙ ይታወቃል፤ ስሙን የጻፈ ሰው ነበረና።