ሦስት ፊደል በአንድ ቦርሳ፦ የሻንቶ ልጆችና የመማሪያ መጽሐፋቸው ታሪክ

ሻንቶን የሚያውቃት ያውቃታል። ለማያውቃት ግን፦ ሻንቶ በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ድሮ የዳሞት ጋሌ አካል ነበር፤ ኋላ ላይ ተከፍሎ ራሱን ቻለ። በአንድ ወገን ከሀዲያ ጋር ይዋሰናል። ስለዚህ በገበያ ቀን ወላይትኛውም ሀዲይኛውም አማርኛውም ይሰማል፤ ሱቅ ከፍተው ከሚሠሩት መካከል ደግሞ ቤታቸው ሲገቡ ስልጥኛ የሚያወሩ አሉ። ዛሬ የምናወራው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ልጆች ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቦርሳ አንጠልጥለው ስለሚወጡት ትንንሾቹ ልጆች፣ በቦርሳው ውስጥ ስላለው መጽሐፍ፣ መጽሐፉ እዚያ እስኪገባ ድረስ ስላለፈው ነገር።

መጀመሪያ አንድ ቁጥር እንያዝ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ነበር። ሲካፈል በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ይደርሳል፤ ያውም አብዛኛው ሰው ገበሬ ሆኖ። ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው አባት አምስት ልጆች ቢኖሩት ለማን ምን ያወርሳል? ለአንዱ ጓሮውን፣ ለሌላው እንሰቱን ሊል ይችላል። ለሦስተኛው ግን የሚሰጠው ነገር የለውም። በዚህ አካባቢ ትምህርት የዚያ የሌለው መሬት ምትክ ነው። የወላይታ ወላጅ ልጁ ካርድ ተቀብሎ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ለጉራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የውርስ ጥያቄ ነው።

ለሱቅ ነጋዴውም ቢሆን ያው ነው። ከስልጤ ወይም ከሀላባ መጥቶ ሻንቶ የከተመ አባት የሚያወርሰው መሬት እዚህ የለውም። ያለው ሱቁ ነው፣ እሱንም በኪራይ።

እስቲ የአንዱን ልጅ ቦርሳ እንክፈተው። ሁለተኛ ክፍል ነው እንበል። የወላይትኛው መጽሐፍ በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። እንግሊዝኛውም በላቲን ፊደል ነው፤ ግን ያው ፊደል ሌላ ድምፅ ይሰጣል፣ ልጁ ሁለቱን መለየት አለበት። ትንሽ ከፍ ሲል አማርኛ ይመጣል፣ ከነሀ ሁ ሂው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሙስሊም ከሆነ ቁርኣን ቤት ይሄዳል፤ እዚያ አሊፍ፣ ባ፣ ታ አለ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላው ሦስት ፊደል። ውጭ አገር ቢሆን ይህን ልጅ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ይሉት ነበር። እኛ ዘንድ «ሱቅ ሂድና ስኳር አምጣ» ይባላል።

እናት ትምህርት ቤት ደጃፍ ላትረግጥ ትችላለች። ይሁንና የቤት ሥራ ታያለች። እንዴት? ደብተሩን ገልጣ ራይት ነው ወይስ ኤክስ ብላ ትቆጥራለች። ኤክሱ ከበዛ ልጁ ያውቃል፤ ማታ መብራቱ ሥር የሚቀመጠው እሱ ነው። ፊደል የማታነብ እናት ልጇን ስትቆጣጠር ማየት፣ ሱብሃነላህ፣ ብዙ ነገር ያስተምራል። ይህን የማነሳው ቀጥሎ የማወራው ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ልጅ የሚማርበት ቋንቋ እናቱ የምትሰማው ከሆነ፣ ባታነብም «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ማለት ትችላለች። ካልሆነ የሚቀራት ራይትና ኤክስ መቁጠር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፣ ወደ አያት።

በንጉሡ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት ቋንቋ አማርኛ ነበር፣ ከፍ ሲል እንግሊዝኛ። ወላይታ ውስጥ ከ1920 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ የገቡ የውጭ ሚስዮናውያንም ንባብ ያስተምሩ ነበር፤ ንባቡ ግን ከሃይማኖታቸው ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ የዚያን ጊዜውን ሙስሊም አባት ቦታ ያዙ። አንዱ በር የማይናገረው ቋንቋ አለበት፣ ሌላው በር ደግሞ የሌላ እምነት ትምህርት አለበት። ልጁን ቁርኣን ቤት አስገብቶ ወደ ንግድ ቢያወጣው «ትምህርት ጠል» ማለት ግፍ ነው። በነገራችን ላይ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም ነው፤ ሸኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት ሥራ ነው፣ አላህ ይዘንላቸው። ከዚያ በፊት አማርኛ ማንበብ የቻለ ሙስሊም ልጅ ቤቱ ተመልሶ በዚያ ንባቡ ኪታቡን ሊያነብበት አይችልም ነበር። የዒድ በዓላትም ብሔራዊ በዓል ሆነው የታወቁት ከሚያዝያ 1966ቱ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ በዒድ ቀን ከክፍል የቀረ ልጅ ቀሪ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ልጅ ግን እንዲህ ካሉ ትንንሽ ነገሮች ነው ቦታው የእሱ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ደርግ ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለ፣ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ይህኛው ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ዘመቻው ከአማርኛ ሌላ በሌሎችም ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ኋላ ሁሉም ተደምረው 15 ደረሱ። ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ስልጥኛም ገባ፣ ሀዲይኛም ገባ። የገበሬ ሚስት፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ በኩራዝ ብርሃን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቋንቋ ተጽፎ አየች። ፊደሉ ግን የግዕዙ ፊደል ነው፤ ሁሉም ቋንቋ በዚያው ተጻፈ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። እንግዲህ የሻንቶዋ አያት ማንበብ ከቻለች፣ የቻለችው በዚህ ነው።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ አለ። ወላይትኛም ክፍል ውስጥ ገባ፤ በደቡብ ክልል እስከ አራተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከአምስተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሆነ። ፊደሉም ወደ ላቲን ተቀየረ። ለለውጡ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የድምፅ ጉዳይ ነው፤ ወላይትኛ አናባቢውም ተነባቢውም ሲረዝምና ሲጠብቅ ትርጉም ይለወጣል፣ የግዕዙ ፊደል ደግሞ ማጥበቅን አያሳይም። ምክንያቱ ውሃ የሚያነሳ ነው። ዋጋ ግን ነበረው። በኩራዝ ተምራ ፊደል የቆጠረችው አያት የልጅ ልጇን መጽሐፍ ስትገልጥ እንደገና ማይም ሆነች። ቋንቋው የሷ ነው፣ ሲነበብላት ትሰማለች፤ ራሷ ግን ማንበብ አትችልም። ስልጥኛ በአንጻሩ በግዕዝ ፊደል ቆየ። ስለዚህ ወራቤ ያለው ያጎት ልጅ በአንድ ፊደል፣ ሻንቶ ያለው በሌላ ፊደል ይማራል።

(አንድ የምትገርመኝ ነገር ልጨምር። በወላይትኛ ትምህርት ቤት «ቲሚርቴ ኬታ» ይባላል። «ኬታ» ቤት ማለት ነው፣ የራሳቸው ቃል። የመጀመሪያዋን ግን ታውቋታላችሁ። ቤቱ የራሳቸው፣ ትምህርቱ በውሰት የመጣ፤ የትምህርት ቤት ታሪክ በሁለት ቃል ሲነገር ይህን ይመስላል።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በዚያን ጊዜ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን አልነበረም። ዋና ከተማው አርባ ምንጭ በነበረው የሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም ጋር ነበር። የእነዚህ የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋ ይቀራረባል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ኦሜቶ በሚባል አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ባለሥልጣናቱ ይህን ይዘው አንድ ሐሳብ አመጡ፦ ለአራቱም አንድ መጽሐፍ ለምን አይሆንም? ቃላቱን ከዚህም ከዚያም አዋጥተን አንድ ቋንቋ ብናደርገውስ? ስሙንም እንዲሁ አዋጡት፤ ወ ከወላይታ፣ ጋ ከጋሞ፣ ጎ ከጎፋ፣ ዳ ከዳውሮ። «ወጋጎዳ» ተባለ።

በወረቀት ላይ ካየነው ሞኝነት አይመስልም። ለአራት ቋንቋ አራት ጊዜ መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ጊዜ ማሳተም ይረክሳል። መምህሩንም ከሶዶ ወደ ሳውላ ማዛወር ይቀላል። እንዲህ ያለ ሙከራ በሌላ አገርም ነበር፤ ናይጄሪያ ውስጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢግቦን ልዩ ልዩ ዘዬዎች ቀላቅለው «የኅብረት ኢግቦ» የሚባል የጽሑፍ ቋንቋ ሠርተው ነበር። መጽሐፍ ታተመበት፤ አፉን የፈታበት ሰው ግን የለም፣ ሕዝቡም የኔ ነው አላለውም።

የወጋጎዳ መጽሐፍ በ1992 የትምህርት ዘመን ክፍል ገባ። ልጁ ቤት ይዞት መጣ። ጮክ ብሎ አነበበ። እናት አንዱን ቃል ትሰማዋለች፣ ቀጣዩን አትሰማውም፣ ሦስተኛውን ትሰማዋለች። ልጁ «እማዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ሲላት አታውቅም። መምህሩም አንዳንዱን አያውቀውም። ለጋሞው ልጅም እንደዚያው ነው፣ እሱ ደግሞ በተራው ሌላው ቃል ይጠፋዋል። አራቱንም ሊያገለግል የተሠራ መጽሐፍ ለአራቱም ባዕድ ሆነ።

መምህራን ተቃወሙ። የተቃወሙትን ማዛወርና ማሰር መጣ። ይህ ነገሩን አባባሰው፤ በኅዳር 1992 ሶዶ ከተማ ተማሪውም ወላጁም አደባባይ ወጣ። የጸጥታ ኃይል ተኩስ ከፈተ። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። ለማስታወስ ያህል፣ የጠቡ መነሻ የአንደኛ ደረጃ ልጆች መማሪያ መጽሐፍ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው «ለመጽሐፍ ብሎ ሰው ይሞታል?» ያሰኛል። መሬት የሌለው አባት ለልጁ ያሰበው ብቸኛ ውርስ ያ ደብተር መሆኑን ላወቀ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በርግጥ ከመጽሐፉ ጀርባ የአስተዳደር ጥያቄም ነበር፤ የራሳችን ዞን ይኑረን የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው። ነገር ግን ያንን ቅሬታ ከየቤቱ ማድቤት ድረስ ያስገባው መጽሐፉ ነው። ስለ ዞን ግድ የማይላት እናት እንኳ ልጇ የሚያነበውን አለመስማቷ ገብቷታል።

መንግሥት መጽሐፉን አነሳ። በ1993 ዓ.ም ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፣ ሰሜን ኦሞም ተከፋፈለ። ልብ በሉ፣ በዚያው በ1993 ስልጤዎች በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ዞን ወጥተው የራሳቸውን ዞን መሠረቱ። የአንድ ዓመት ሁለት ታሪክ ነው፤ ሻንቶ ላይ ተከራይቶ ሱቅ የሚሠራው የስልጤ አባት ሁለቱንም በሬዲዮ ሰምቷል። አንዱ የትውልድ አገሩ ጉዳይ ነው። ሌላው ልጆቹ የሚማሩበት አገር ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ወላይትኛ በራሱ መጽሐፍ ተመለሰ። የወላይታ ልማት ማኅበር ያቋቋመው የሊቃ ትምህርት ቤት በብሔራዊ ፈተና ውጤት ስሙ የገነነ ሆነ። በ1999 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሶዶ ላይ ተከፈተ፤ የዳሞት ፑላሳ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ቃል በመኪና ደርሶ በሚመለስበት ርቀት አገኘው። ከ2005 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ርዳታ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዲስ የንባብ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ወላይትኛ ከሰባቱ አንዱ ነበር። በ2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ መቀመጫው ሆነች።

ነገሩ እዚህ ላይ አማረ ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም በመላ አገሪቱ 12ኛ ክፍልን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩም ዓመት 3.2። በ2016 በወላይታ ደመወዝ ዘግይቶባቸው መምህራን ሥራ ያቆሙባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሄዶ ተመለሰ። አዲስ አበባ ላይ ጫማችሁን የሚጠርግላችሁን ሊስትሮ አገሩን ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ «ወላይታ» ይላችኋል፤ ከመካከላቸው ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ አሉ። ደብተሩን ከቀለሙና ከብሩሹ ጋር በአንድ ሣጥን ያስቀምጣል።

መስከረም ደግሞ አለ። ለወላይታ ቤተሰብ መስከረም የጊፋታ ወር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ የሚታረድበት። ያው ወር የደብተር፣ የእስክሪብቶ፣ የዩኒፎርምና የጫማ ወር ነው። ሁለቱ ወጪ በአንድ ኪስ ይገናኛሉ። ለጊፋታ ልብስ የሚገዛ አባት ዩኒፎርሙን ገዝቶ «በሁለቱም ልበሰው» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በ1992 አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች ዛሬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ ወላጅ ሆነዋል፤ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል እያስገቡ ነው። ከናንተ መካከል ያን ጊዜ ሻንቶ፣ ቦዲቲ፣ አረካ ወይም ሶዶ የተማረ ካለ፣ ወይም ታላቅ ወንድም እህት ካላችሁ ጠይቁልን፦ መጽሐፉ ስንት ወር በእጃችሁ ቆየ? መምህራችሁ የማያውቁት ቃል ሲገጥማቸው ምን ይሏችሁ ነበር? ያን የወጋጎዳ መጽሐፍ በቤቱ ሣጥን ውስጥ ያስቀረ ካለ ደግሞ ገጹን ፎቶ አንስቶ ይላክልን።