ሲመሩት ደስ የሚል ዳንስ

ስለ አዲስ አበባ የዳንስ ዘመን የተጻፈውን ያነበባችሁ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆን? ዘፋኙ አለ፣ ሳክስፎን ነፊው አለ፣ ሸክላ አሳታሚው አለ። ተይዛ የደነሰችው ሴት ግን የለችም። ግማሹ ዳንስ የእሷ ነበር እኮ!

የሚታወቀውን ታሪክ ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አስመጡ፤ "አርባ ልጆች" የምንላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ከሰልፍ ዜማ ሌላ የዳንስ ሙዚቃም መጫወት ጀመሩ። ከዚያ ክለቦቹና ሆቴሎቹ መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ይኼን ሁሉ ሙዚቃ የሚያደንቅ ጽሑፍ ሞልቷል፣ እኔም ጽፌያለሁ። ሙዚቃው ሲጫወት ወለሉ ላይ ምን ይደረግ እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የጠየቅሁት አክስቴን ነው። የመካነ ሰላም ልጅ ናት። አዲስ አበባ የገባችው ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ገና በአሥራዎቹ እያለች ነው። ቤተሰቡ ውስጥ "ዳንስ ትወድ ነበር" ሲባል ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የሚባለውን ታውቁታላችሁ።

"የኔ ጌታ፣ እኛ አገር ማንም ማንንም አይዝም" አለችኝ። እውነቷን ነው። በወሎ ሰርግ ቆማችሁ ካያችሁ፣ አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ከበሮው ይመታል፣ ክቡ መሐል ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይገናኛል። አንዱ ትከሻውን ያወርዳል፣ ሌላዋ ትመልሳለች። መላሿ ግን ጎታች የላትም። ፈጥና ብትመልስ፣ አዘግይታ ብትመልስ፣ ጭራሽ አንገቷን ብቻ ሰበር አድርጋ ብትተው የራሷ ጉዳይ ነው። ሰውየው ካልጣማት ትከሻዋን ወደ ሌላ ታዞርና ክቡ ውስጥ ትገባለች። ማንም አላፈረም፣ ማንም አልተጣላም።

ክለቡ ውስጥ እንዲህ አልነበረም። ወንዱ ተነሥቶ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣል፣ ጓደኞቹ እያዩት እጁን ይዘረጋል። እምቢ ማለት ሰው ማዋረድ ሆነ። "ስንቱን የደነስኩት እንዳያፍር ብዬ ነው" ትላለች። እሷ እንኳ ከጓደኞቿ ጋር የመጣች ነበረች፤ ኑሮዋ በዚያው ቤት በሚጠጣው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ደግሞ "አይ" የምትልበት አቅም ከየት ታምጣ?

እዚህ ላይ ወደ ቦነስ አይረስ ልውሰዳችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአርጀንቲናና በኡራጓይ ወደቦች የተወለደውን ታንጎ ሁላችንም "ወንድ የሚነዳው ዳንስ" አድርገን ነው የምናስበው። የታንጎ ሰዎች ልማድ ግን ሌላ ነው። ግብዣው በዓይን ነው፦ ወንዱ ከሩቅ ያያል፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ እሷ ካልፈለገች ዓይኗን ትመልሳለች። የእኛን ሰርግ ትከሻ አላስታወሳችሁም? ሌላም አለ። በድሮው ዘመን ወጣት ወንዶች ታንጎን የሚማሩት እርስ በርሳቸው ሲሆን፣ መምራት ከመጀመራቸው በፊት ለወራት እየተመሩ ይለማመዱ ነበር። ሌላ ሰው ሲይዝህ፣ ሲገፋህ፣ ሲጠብቅህ ምን እንደሚሰማ በገዛ ጀርባቸው ያውቁታል ማለት ነው።

የእኛዎቹ ጎረምሶች ይኼን ትምህርት ማግኘታቸውን ከአክስቴ ወሬ አላገኘሁም። አንዱ ጆሮዋ ሥር እርምጃ ይቆጥር ነበር። አንዱ "እንደ ጋሪ" ይገፋት ነበር። አንዱ ያየውን ሁሉ ሊያሳይባት ያሽከረክራት ነበር፤ "እሱ የሚደንሰው ለተቀመጡት ነው፣ እኔ ዕቃው ነኝ።"

ታዲያ ደስ ያለሽ ማን ነበር? አልኳት።

ቶሎ አልመለሰችም። አጭር፣ መልከ ጥፉ የሚባል፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር አለች። የሚያውቀው እርምጃ አምስት አይሞላም። ግን በእጁ አይጎትትም፤ ደረቱ ሲዞር እሷም የምትዞርበት ይገባታል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እሱም ይቆማል። ሲቆም ደግሞ ሰዓት ይሰጣታል፦ እግሯን ብትጎትት፣ ብታዘገይ፣ ይጠብቃል። "ቢያንስ እየሰማኝ ነበር። የአገሬን ትከሻ ያህል ነበር፣ ብቻ ተያይዘን።" ስትሳሳት አይናገርም፤ ስህተቷን እርምጃ አድርጎ ይቀጥልበታል። ተከታይ የሚያስደስተው ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መልስ ከማንም አልሰማሁም።

ከዚያ 1967 መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ለዓመታትም ቆየ። ባንዶቹ በሆቴል ተጠልለው ቀጠሉ፣ ታሪካቸውም ተጻፈ። የማታው ዳንስ ግን ተራው ሰው ተነሥቶ የሚሄድበት ነገር መሆኑ ቀረ። ጸሐፊው ከዚያ በኋላ አልታየም። የአባቱን ስም አታውቅም ነበር፣ ጠይቃውም አታውቅ፤ የት እንደገባ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ባለቤቷ በሕይወት እያለ አላነሣችውም።

ባለፈው ፋሲካ እቤቷ ሄጄ ስልኬ ላይ አንድ የድሮ ሩምባ ከፈትኩላት። ጉልበቷ አይችልም፣ አልተነሣችም። "እስቲ ና" አለችና ሁለት እጄን ይዛ ከወንበሯ ሳትነሣ መራችኝ። ሁለት ጊዜ ቀደምኳት። "ቆይ" አለችኝ፣ "ቆይ፣ ገና አልመጣም።"