ጎሬ፣ ባሮ እና ጓዳዬ ውስጥ ያለው ሰርቨር

ከሱቄ ጓዳ፣ ከወረቀት ካርቶኖቹ ኋላ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እንደ ወፍጮ የሚጮህ ብረት አለ። ማመልከቻ ልታስጽፍ የመጣች ጎረቤቴ አንድ ቀን ጆሮዋን ይዛ «ወፍጮም ጨመርክበት እንዴ?» አለችኝ። ሰርቨር ነው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደውን ከመርካቶ ነጋዴ ገዛሁት። ፖርቶመጋላ ላይ ተንገጫግጮ እንዳይፈታብኝ የአንድ ሰው ቲኬት ቆረጥኩለትና 600 ኪሎ ሜትር ያህል አጠገቤ ተቀምጦ መቱ ገባ። በደሌ ለምሳ ስንወርድ ረዳቱ «ጋሼ፣ ሰውዬው አይበሉም?» ብሎ አላገጠብኝ።

ይህን ብረት ባየሁ ቁጥር የምትታወሰኝ ጎሬ ናት። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ በደርግ ዘመን ወንበሩ ወደ መቱ እስኪዛወር ድረስ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው የከተሙባት፣ የእንግሊዝ ቆንስል የተቀመጠባት፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ ራስ እምሩ መንግሥት ይዘው የቆዩባት ከተማ ናት። ያኔ የዚህ አገር ቡና ብዙው የሚወርደው ወደ ምዕራብ ነው። በበጋ በበቅሎና በሰው ትከሻ ከጎሬ ጋምቤላ ይደርሳል፤ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ በባሮ አድርጎ ወደ ካርቱም ይሄዳል። መርከቡ በአንድ ጉዞ የሚያነሣው ለስንት በቅሎ ይበቃ ነበር! ግን የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው ከጎደለ ቡናው ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። በቅሎ የምትጭነው ትንሽ ነው፤ ወንዝ ግን አትጠብቅም።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በታይፕ ነው፤ ከአንድ ራፖር ጸሐፊ ጎን ቁጭ ብዬ። የአማርኛው ኦሊቬቲ ብዙውን ፊደል በአንድ ምት አይጨርስም፤ መጀመሪያ ገላውን፣ ቀጥሎ ቅጥያውን ትመታለህ። እጄ ከለመደ በኋላ ጥቅምት 1984 ዓ.ም. መጣና አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። የወረዳው ደብዳቤ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር፣ ጠረጴዛ ሥር አቧራ ጠግቦ የኖረው የእንግሊዝኛ ታይፕ በአንድ ጊዜ የቤቱ ጌታ ሆነ። ማንም ዞር ብሎ የማያየው መኪና ወረፋ ተያዘለት! ከዚያ ወዲህ አሮጌ ዕቃ ስጥል እጄ ይከብደኛል። ሰርቨሩንም የገዛሁት በዚሁ አመል ሳይሆን አይቀርም።

ኮምፒውተሩ ከታይፑ ብዙም አልተሻለም ነበር። በፓወር ግዕዝ የጻፍኩትን በፍሎፒ ለአዲስ አበባ መንገደኛ እሰጣለሁ፤ እዚያ ፕሮግራሙ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መቱ ድረስ በእግሩ የመጣ ይመስል ሱቄ የደረሰው ግን ከስንት ዓመት በኋላ።

ወደ ሰርቨሩ ልመለስ። ውስጡ ሁለት ዚዮን ኢ5-2670 ፕሮሰሰሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 8 ኮር። ገበያ የወጡት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ መቱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በተቀበለበት ጊዜ ገደማ። ሱቅ ላይ ያለው ዴስክቶፕ ኮር አይ3-12100 ነው፤ የ2014 ዓ.ም. ፕሮሰሰር፣ 4 ኮር ብቻ። አብሮኝ የሚሠራው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ 16 ለ4 እኮ ነው፤ ይሄ ምኑ ይነጻጸራል?» አለኝ። እኔም እንደሱ ነበር የማስበው።

አንድ የቡና ማኅበር የደመወዝ ኤክሴል ነበረን፤ በሁለቱም ላይ ከፈትነው። ዴስክቶፑ ጨርሶ ሲጠብቀን ሰርቨሩ ገና ያሰላል። እንዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ነው የሚወድቀው፤ የቀሩት አሥራ አምስቱ ቆመው ያያሉ። የሰርቨሩ አንድ ኮር በሰከንድ 2.6 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል፣ ሲቸኩል 3.3። የዴስክቶፑ እስከ 4.3 ይደርሳል። ፍጥነቱ ብቻ ቢሆን ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር። ነገሩን ለልጁ ያስረዳሁት በኦሊቬቲ ነው፦ ሁለት ታይፒስቶች ጣታቸው እኩል ቢፈጥንም አንዱ ፊደሉን በሁለት ምት፣ ሌላው በአንድ ምት ካወጣ ገጹ እኩል አይሞላም። አዲሱ ፕሮሰሰር በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ይበልጣል። ፍጥነቱና ይህ ተደምረው የአዲሱ አንድ ኮር ከአሮጌው አንድ ኮር እጥፍ በላይ ይሄዳል።

ቀጥሎ የሠርግ ቪዲዮ ሞከርን። እዚህ አሥራ ስድስቱም ኮር ተነሡ፤ ወፍጮው ጮኸ፤ ጓዳው ሞቀ። ተቀራረቡ። ልጁ ደስ ብሎት ሊያጨበጭብ ሲል፣ በዴስክቶፑ ፕሮሰሰር ውስጥ ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል እንዳለ ትዝ አለኝና እሱን አስነሣሁት። ከዚያ በኋላ ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ዚዮኖች በወረቀት ላይ 115፣ 115 ዋት ናቸው፤ አዲሱ 60። ይኸን ልዩነት ካታሎግ ላይ የሚያነብ ሰው ላይታየው ይችላል፤ እዚህ ግን መብራት ጥፍት ሲል ይታያል። ዩፒኤሱ ዴስክቶፑን ይዞ እኔ ፋይሌን ሴቭ አድርጌ፣ የቀረችውን ገጽ ተይቤ፣ ደንበኛዬን ሸኛለሁ። ሰርቨሩን ሲይዝ «ዝጋው! ዝጋው!» እየተባባልን እንሮጣለን። መብራቱ ሲመለስም ወዲያው አይነሣም። ራሙን አንድ በአንድ ሲቆጥር ባለቤቴ አቦሉን ቀድታ ትጨርሳለች። የባሮ መርከብ ማለት ይኸው ነው፤ ወንዙ ካልሞላ ንቅንቅ የለም።

ቢሆንም ፍርዴ ለአዲሱ ያዳላል እንጂ አሮጌውን ከናካቴው አልጥለውም። ሰርቨሩ ላይ የሞላሁት ያገለገለ ራም ዋጋው ከአዲስ ጋር አይወራም። ራሙ በመንገድ የተሳሳተች አንዲት ቢት ብትኖር ራሱ ያርማታል፤ የእኔ ዴስክቶፕ ይህን አያውቅም። ስድስት ሰባት ሰው ባንድ ጊዜ ፋይል ሲጎትትበትም አይንገዳገድም። እዚያ ላይ ነው ኮር መብዛቱ የሚገባህ፦ አንድ ሥራ ለማፍጠን ሳይሆን ብዙ ባለጉዳይ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ እንዲስተናገድ።

የእህቴ ልጅ ሽጠው ይለኛል። እስካሁን የጠየቀኝ አንድ ቆራሌ ነው፤ በኪሎ። ከፍቶ መዳቡን አየ፣ በእጁ መዘነው፣ ዋጋ ጠራ። ሰኔ ይለፍ አልኩት፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙ ልጆች የሚጎርፉት ያኔ ነው። «እሺ፣ በሐምሌ እመጣለሁ» ብሎ ጆንያውን አንሥቶ ወጣ።