አጋላጭ

«አጋላጭ» የ«ገለጠ» ዘመድ ነው። ልብስ ሲገለጥ ገላ ለብርድ ይጋለጣል፤ ብርዱ ግን ገና አልመታም። ሐኪሞች «አጋላጭ ምክንያት» ሲሉም በሽታውን ራሱን ሳይሆን ለበሽታው የሚያጋልጠውን ነገር ማለታቸው ነው።

ሐሳቡ በሕክምናው ዓለም የተለመደው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በፍራሚንግሃም ከተማ በተደረገ ጥናት ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ጥናት 5,209 ነዋሪዎችን ለዓመታት ተከታተለ። የጥናቱ ተመራማሪዎች ዊልያም ካነልና ባልደረቦቹ በ1961 የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ከፍ ማለት ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ጻፉ። ሲጋራና የስኳር በሽታም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሰዎች አንዱ «ግፊት አለብኝ፣ ልቤ አለቀለት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሌላው፣ ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ «ምንም አያመኝም» ብሎ መድኃኒቱን ያቋርጣል። ሁለቱም ቃሉን ስተውታል። ግፊት ሳያሳምም ዓመታት ይቆያልና፣ እባካችሁ ተለኩ።