ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ በብቸናና በሞጣ አገር

የፎቶግራፍ ጥበብ በኢትዮጵያ ምድር ላይ በሰፊው ሥራውን የጀመረው በሐዘን ዘመን ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝን ጦር እየመራ ከቀይ ባሕር ዳር ወደ መቅደላ ሲወጣ፣ በዝሆንና በበቅሎ ከተጫነው መድፍና ስንቅ ጋራ የመሐንዲሶቹ ክፍል የካሜራ ሣጥን፣ የመስተዋት ሠሌዳ፣ የመድኀኒት ጠርሙስና የጨለማ ድንኳን አብሮ ይዞ ነበርና፣ አምባውንና ሠራዊቱን፣ የመንገዱን ገደልና የአገሩን ሰው ያነሡት እነዚህ ወታደሮች ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ካለፉ በኋላ ወደ ባሕር ማዶ የተወሰደው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም፣ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ፤ ያንን ሥዕል አይቶ አንጀቱ የማይላወስ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

የዚያን ጊዜውን ድካም ዛሬ መገመት ያስቸግራል። ፎቶ አንሺው በድንኳኑ ጨለማ ውስጥ ተደፍቶ የጠራውን መስተዋት ኮሎዲዮን በሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይለብጠዋል፤ ቀጥሎም ብርሃን እንዲሰማው በብር ጨው ውሃ ይነክረዋል፤ ሠሌዳው ገና እርጥብ ሳለ ወደ ካሜራው አግብቶ የሌንሱን ክዳን በእጁ ይከፍትና ሰኮንዶችን በልቡ ቈጥሮ መልሶ ይገጥመዋል፤ ከዚያም መድኀኒቱ ሳይደርቅ ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ማጠብ ግዴታው ነው፤ በቈላ ሐሩር መድኀኒቱ ፈጥኖ የደረቀ እንደ ሆነ የጧቱ ልፋት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ይህ ሰው ሲሠራ ሦስት ነገር ያሰላል፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ምን ያህል ይስፋ፣ ለምን ያህል ጊዜስ ተከፍቶ ይቈይ፣ ሠሌዳውስ ለብርሃን ምን ያህል ስሜት አለው? ከ150 ዓመት በኋላ በጎጃም ምድር በሞጣ ወይም በብቸና ከተማ አንድ ወጣት በሰርግ ቤት ደጃፍ በአንገቱ አንጠልጥሎት በሚቆመው ዲጂታል ካሜራ ላይ አፐርቸር፣ ሸተርና አይ.ኤስ.ኦ. የሚባሉት ሦስቱ ማስተካከያዎች እነዚያው ናቸው፤ አንዳቸውም አልተሻሩም። ስለዚህ ካሜራ መያዝ የጀመረ ሰው የጥበቡን ታሪክ የሚማረው ለጌጥ አይደለም፤ ካሜራው ሁሉን እኔ በራሴ ልሥራልህ ሲለው እሺ የሚልበትንና እምቢ የሚልበትን ጊዜ የሚለየው በዚሁ ዕውቀት ነውና።

ከመቅደላ በኋላ ጥበቡ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአዲስ መሣሪያ ሁሉ ልባቸው ክፍት ስለ ነበረ ፎቶግራፍን ወደዱት፤ ከአርመን ወገን የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ነገሥታቱንና መኳንንቱን አነሡ። ዐባይ ዙሪያውን የከበበው ጎጃም ግን ከአዲስ አበባው ፎቶ ቤት ሩቅ ነበር። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኀይሉ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በየከተማው የጋዜጠኛ ካሜራ ተቀብሏቸዋል፤ ስለዚህ የጌታው ፊት በባዕድ ከተማ ሲታወቅ፣ የራሱን መልክ በውሃና በመስተዋት እንጂ በወረቀት ላይ ያላየ ባላገር ግን በግዛታቸው ብዙ ነበር። ጥቂት ቈይቶ፣ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የዐባይን ሸለቆ እየተከተለ ካርታ ሠራ፣ ፎቶም አነሣ፤ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዐባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ሲታተም የእኛ ወንዝ ከነገደሉ በለንደን አንባቢ እጅ ገባ።

ያ ዓመት ጠላት ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ዓመት ነው። በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የብቸናን አገር መናኸሪያቸው አድርገው የተዋጉት፣ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የሞቱት የደጃዝማች በላይ ዘለቀ መልክ ለዛሬው ትውልድ የደረሰው በጥቂት ፎቶግራፎች ነው። ጠጕራቸው የጎፈረበትን ያንን ሥዕል በየቤቱ ግድግዳ፣ በየካናቴራው ላይ እናየዋለን፤ ነገር ግን ግልባጭ ከግልባጭ ሲነሣ ጥላው እየጠቈረ፣ ብሩሁ እየነጣ ስለሚሄድ፣ ዐይናቸው ያለበት ስፍራ በብዙው ቅጂ ላይ ጥቍር ነጥብ ብቻ ሆኗል። ፎቶግራፍ ምን ያህል እንደሚጠብቅና ምን ያህልም እንደሚጐዳ ለመማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ለብቸና ልጅ አላውቅለትም።

ብቸናና ሞጣ የአውራጃ ርእሰ ከተማ በነበሩበት ዘመን ፎቶን ከመኳንንቱ ወደ ሕዝቡ ያወረደው የመንግሥት ቢሮ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለፈተና መታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሥራ ማመልከቻ ሦስት በአራት የሆነ ጕርድ ፎቶ ሲጠየቅ፣ ፎቶ ቤት መሄድ ለገበሬው ልጅም ግዴታ ሆነበት፤ ከግዴታውም ፍቅሩ ተወለደ። በተሳለ መጋረጃ ፊት እኅትማማች ተቃቅፈው ይነሣሉ፣ ወታደር ለእናቱ ይልካል፣ ወረቀቱ ተገልብጦም «ለማስታወሻ» ተብሎ ይጻፍበታል። በፎቶ ቤቱ ውስጥ ሙያው የሚተላለፈው በቃልና በእጅ ነበር፤ አንድ የፊልም ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ፣ ፊልሙም፣ ማጠቢያውም፣ ወረቀቱም በገንዘብ ስለሚገዛ፣ ተለማማጁ ካሜራውን ከመንካቱ በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው ስሕተት እያጠበ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ የጨለመውን ከነጣው፣ የተንቀጠቀጠውን ከጠራው ሲለይ ሲለይ ዐይኑ ይሠለጥናል።

ዲጂታሉ ካሜራ ይህን ሁሉ ሥርዐት ለወጠው። በ1975 እ.ኤ.አ. በኮዳክ ኩባንያ የሚሠራው ስቲቨን ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ፣ መሣሪያው 3.6 ኪሎ ይመዝን፣ አንዱን ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመቅዳትም 23 ሰኮንድ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በኪስ የሚገባ ስልክ ያንን በቅጽበት ይሠራል። ስሕተት ዋጋ ማስከፈሉን ስለ ተወ ጀማሪ እስኪጠግብ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህ ለድኻ አገር ተማሪ ታላቅ ጸጋ መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ። ሆኖም ስሕተቱን የሚያሳየው የጨለማ ክፍል መምህር አብሮ ስለ ቀረ፣ ብዙው ወጣት ካሜራው የሰጠውን እንደ ፍርድ ተቀብሎ ያልፋል።

የካሜራው ፍርድ ግን በእኛ አገር ብርሃን ዘንድ ብዙ ጊዜ የተጣመመ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ አየሩ ስስ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ጥላው ጥቍር ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ10 ተኩልና በ11 ዲግሪ ግድም ስላሉም፣ በሚያዝያ እኩሌታ ግድም ፀሐይ በቀትር በራስ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲውል ከዚያ ብዙም አልራቀችም። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ባስተከሉት በሞጣ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ ካሜራ የሚያነሣ ጀማሪ ምን እንደሚያገኝ ልናገር፤ ግንባሩ የበራ፣ ዐይኑ በቅንድብ ጥላ የተቀበረ፣ ነጠላውም እንደ አመድ የደበዘዘ ሰው ያገኛል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ነጭ በበዛበት ስፍራ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ሲሆን የለባሹ ጠይም ፊት ደግሞ ወደ ጽልመት ይወርዳል። በፊልሙም ዘመን ነገሩ ከዚህ የባሰ ነበር፤ የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በነጭ ሴት ሥዕል ስለ ነበረ የጥቍር ሕዝብ መልክ በመለኪያው ውስጥ አልታሰበም ነበር።

መድኀኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። መደመርና መቀነስ የተጻፈበትን የብርሃን ማስተካከያ ይዞ አንድ እርከን ወደ መደመር ማሳደግ፣ ከዚያም በካሜራው ጀርባ ላይ የሚታየውን የብርሃን ሥርጭት ሥዕል ተመልክቶ የነጠላው ጥለት እስካልጠፋ ድረስ ፊቱን ማብራት ነው። ጥቍር ካባ የደረበ ካህን በጨለማ በር ፊት ሲቆም ግን ሥራው ይገለበጣል፤ ካሜራው ጨለማ በዛ ብሎ ብርሃን ስለሚጨምር መቀነስ ያሻል። ከመሣሪያው ውጭም አገሩ ራሱ ያዘጋጀው ረዳት አለ፤ ሰውዬውን ወደ ዋርካ ጥላ አስጠግቶ ጋቢውን በጕልበቱ ላይ እንዲያነጥፍ ቢለምኑት፣ የጋቢው ንጣት ብርሃኑን ከሥር ወደ ፊቱ ይመልሰዋል፤ የተቀበሩትም ዐይኖች ይገለጣሉ።

ሦስቱን ማስተካከያዎች ለማጥናት መነሻ የሚሆን አንድ የቈየ ደንብ አለ፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ቀዳዳው 16 ላይ ሆኖ አይ.ኤስ.ኦ. 100 ቢሆን፣ ሸተሩ በሰኮንድ 1/125 ግድም ይሁን ይላል። ቀዳዳውን ከ16 ወደ 11፣ ወደ 8፣ ወደ 5.6 ሲያመጡት በእያንዳንዱ እርከን ብርሃኑ እጥፍ ይሆናልና፣ ሸተሩም እስከ 1/1000 መፍጠን አለበት፤ የብርሃኑ መጠን ያው ሲሆን ሥዕሉ ግን ሌላ ነው፤ በ16 ከፊት ያለው ሰውና በስተኋላው ያለው ተራራ ሁለቱም ይጠራሉ፣ በ5.6 ሰውዬው ብቻ ጐልቶ ተራራው ይደበዝዛል። ቍጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋው ቍጥሩ የሌንሱ ርዝመት ለቀዳዳው ሲካፈል የሚገኝ ስለ ሆነ ነው፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2 ማለት የ25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው። በድማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ አካባቢ ባደገ ሰው ዘንድ የትምህርቱ ሥርዐት እንግዳ አይሆንም፤ የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ሲቈጥር ሲቈጥር ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እንደሚደርስ፣ ጀማሪውም ሰንበትበት ብሎ ቀዳዳውን ብቻ በእጁ እያዘዘ ሌላውን ለካሜራው ይተው፤ ቀጥሎ ሸተሩን ብቻ፣ ፈረስ ሲጋልብ በ1/1000፣ ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አስቀምጦ ወራጅ ውሃን በግማሽ ሰኮንድ እያነሣ ይለማመድ፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ በካህናቱ ፈቃድ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን ወደ 1600 ከፍ አድርጎ፣ ቀዳዳውን ወደ 2.8 ከፍቶ፣ ክርኑን በምሰሶ አስደግፎ በ1/30 ይሞክር።

ከሞጣ ወደ ዐባይ ወርዶ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቈረጠ፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ሰዎች እየጐተቱት ከገደሉ በላይ በአየር ላይ ያልፍ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለ ዐባይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ይህንን አሻጋገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ታተመ። ኬን ፍራንትስ የሚባል በግንባታ ሥራ የሚኖር አሜሪካዊ ያንን ሥዕል አይቶ ልቡ ስለ ተነካ ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋመ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ብረቱ በእንስሳ ጭነት ወደ ሸለቆው ወርዶ የተቈረጠው ቦታ ተጋጠመ። በ2005 እ.ኤ.አ. የክረምቱ ሙላት ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ያ ማኅበር ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ብዙ ድልድዮችን ሠርቷል፤ የሁሉም መነሻ በሞጣ ቈላ ላይ ለአንድ ቅጽበት የተከፈተ ሸተር ነው። የአገሩ ሰው ያንን ገመድ በየቀኑ ሲጐትት ኖሯል፤ ከመካከሉ ካሜራ የያዘ አልነበረም እንጂ ሥዕሉ ዐሥርት ዓመታት ቀድሞ በተነሣ ነበር እያልሁ ዘወትር አስባለሁ።

አሁን ካሜራው በአገሩ ልጅ እጅ ነው። አዲስ ካሜራ የገዛ የብቸና ወይም የሞጣ ልጅ ከአፐርቸርም ከሸተርም በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ያስተካክል ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ፤ እያንዳንዱ ዲጂታል ሥዕል የተነሣበትን ጊዜ፣ ቀዳዳውንና ፍጥነቱን በውስጡ ጽፎ የሚይዝ ሲሆን፣ ካሜራው ግን ጳጕሜንን አያውቅም፤ ጧት ሦስት ሰዓትንም በእኛ አቈጣጠር የሞሉለት እንደ ሆነ ገና ሌሊት ነው ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጅ አቈጣጠር፣ ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ልዩነት ሞልቶ፣ የሰዎቹን ስምና የቀበሌውን ስም፣ የእኛንም ቀን፣ ማታ ሥዕሉን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ በፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ፤ በሌላም ዲስክ ላይ አንድ ግልባጭ ያኑር።