ከኅሩይ ጃፓን እስከ ሞጆ ሌጦ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ልዑካን መርተው ጃፓን ሲገቡ፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥቷን ካወጀች ጥቂት ወራት ብቻ ነበር ያለፉት። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕግ አርአያው እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ኅሩይ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተሙ። የዘመኑን ምሁራን የማረካቸው ጃፓን የባዕድ ዕውቀት ወስዳ የራሷ ማድረጓ ነበር። ይህ ችሎታ ግን በሕግና በጦር መርከብ አልተወሰነም። ከ60 ዓመታት በኋላ በቶኪዮ ሐራጁኩ ሰፈር፣ በጥቁር ቀሚስና በዳንቴል ታየ። የቆዳ ከተማ የሆነችው ሞጆም ታሪኩን ልታውቀው ይገባታል እላለሁ።

ጎቲክ የሚባለው የሙዚቃና የአለባበስ ስልት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ፤ ጥቁሩ ግን የቆየ የአውሮፓ ኀዘን ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1861 ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ 40 ዓመት ያህል፣ ከጥቁር አልወጣችም። በጃፓን ጥንታዊ ልማድ የኀዘን ልብስ ነጭ ነበር፤ ጥቁሩ በሜጂ ዘመን ከአውሮፓ የገባ ነው። የሐራጁኩ ወጣቶች እንግዲህ ሁለት ጊዜ የተዋሱትን ልብስ ነው የራሳቸው ያደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው የማሊስ ሚዘር ባንድ ጊታር ተጫዋች ማና፣ በ1999 የራሱን የልብስ ድርጅት ከፍቶ ያንን ጥቁር ከአሻንጉሊት መሰል ቀሚስ ጋር አዋሐደው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው «ጎቲክ ኤንድ ሎሊታ ባይብል» መጽሔት ደግሞ አንባቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሰፋ የልብስ ቅድ ጭምር ያትም ነበር። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ቅድ ነው፤ ተመልካቹን ልብስ ሰፊ አድርጎታልና።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጥቁር እኛ ዘንድ ከል ነው፤ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የሚለበስ። ኀዘንን ጌጥ ማድረግ ነውር አይሆንም ወይ? የለቅሶ ቤት ክብር መጠበቅ እንዳለበት አምናለሁ። ይሁንና ትዝታን እናስብ፤ በናፍቆትና በቁጭት የተሞላ ሆኖ ሳለ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያመሽበታል። እንጉርጉሮም ኀዘንን ወደ ውበት ከለወጠ ዘመናት አልፈዋል። ኀዘንን ማስዋብ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ልብሳችን ከዜማችን ወደ ኋላ ቀረ እንጂ። የቶኪዮን ልብስ መቅዳት ሌላ ኩረጃ ነው የሚሉም እውነት አላቸው። የምመክረው ግን ልብሱን እንድንቀዳ አይደለም፤ ጃፓኖቹ የወሰዱትን እንደገና የቀደዱበትንና የሰፉበትን መንገድ እንድናጠና ነው።

ለዚህ የሚሆን ቆዳ ደግሞ በእጃችን አለ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ያልፍባት የነበረችው ሞጆ፣ ዛሬ በደረቅ ወደቧና በቆዳ ፋብሪካዎቿ ትታወቃለች። የደጋው በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሰፊዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ የጣለው ቆዳው እዚሁ እንዲለፋና እንዲሰፋ ነበር። ማልፋቱ መጣ፤ የሞጆ ወንዝም በፋብሪካ ፍሳሽ ዋጋውን ከፈለ። ታክስ ግን ቅድ አያወጣም። የሞጆ ፋብሪካዎች ከሚያለፉት ጥቁር ሌጦ ጥቂቱን በየዓመቱ ለአዳማና ለአዲስ አበባ ወጣት የልብስ ንድፍ አውጪዎች ለሙከራ ይስጡ፤ የከሉንና የእንጉርጉሮውን መልክ በቆዳ ላይ እንዲሞክሩት።