ከፈውስ በኋላ የሚቀረው ሥራ፤ የሻሸመኔው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ታሪክ

በቀደመው ዘመን ሥጋ ደዌ ያደረበት ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም ተለይቶ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት እየለመነ ይኖር ነበር። ሰው ኹሉ እንጀራ ይመጸውተዋል እንጂ ከማዕዱ አያቀርበውም ነበር።

ሕክምናው የተስፋፋው ቀስ በቀስ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1901 ዓመት የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን በሐረር መጠለያ አቆሙ፤ በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ የልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ተከፈተ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከፈተ። ከሩቅ አገር የመጡት ሕሙማን ከታከሙ በኋላ ብዙዎቹ ወደ መንደራቸው ሊመለሱ አልቻሉም፤ የሚቀበላቸው አልነበረምና በሆስፒታሉ ዙሪያ ጐጆ ቀልሰው ቀሩ።

በ1983 ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚሰጥበት ሕክምና በሀገራችን ተዠመረ፤ በ6 ወይም በ12 ወር ተሕዋሲውን ያጠፋል። ነገር ግን የሞተውን ነርቭ አያስነሣም። እግሩ የደነዘዘ ሰው እሾህና ፍም ቢረግጥ አያውቅም፤ ቍስሉም ሲከፋ እግሩን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ቍስሉን ቢያክም፥ ጫማ ሠሪው ለስላሳ መርገጫ ያለውን ጫማ ካልሰፋለት ቍስሉ ይመለሳል፤ ጫማውም ቢኖር፥ እግሩን ማታ ማታ አጥቦ እንዲመረምር የሚያስተምረው ከሌለ ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህም ኹሉ ተሟልቶ ሥራ የሚሰጠው ካጣ፥ ወደ ልመናው ደጅ ይመለሳል።

በ1990ዎቹ የበሽታው ቍጥጥር ከሳንባ ነቀርሳ ጋራ ተጣምሮ ወደ ተራው ጤና ጣቢያ ገባ። ሕሙማኑ ተለይተው መኖራቸው ማብቃቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ቀድሞ በአንድ ግቢ ይገኝ የነበረው እርዳታ በየስፍራው ተበተነ። በ1996 በሽታው የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው ሀገራዊ ማኅበር መሠረቱ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት እነርሱ ሆኑ።

እንግዲህ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ጤና ጣቢያም፥ ቀበሌም፥ ማኅበርም፥ ዕድርም አለ። የጐደለው ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው። ጤና ጣቢያው የዳነውን ሰው ወደ ጫማ ሠሪው ከላከ፥ ማኅበሩ ሥራ ካፈላለገለት፥ ዕድሩም ስሙን ከጎረቤቶቹ ስም ጋራ ከጻፈ፥ ፈውሱ ያን ጊዜ ይፈጸማል። ዕድር ሙት ቀባሪ ብቻ አይደለም፤ ሰውን በሕይወቱ ሳለ ከሰው የሚቈጥር ነውና።